አራት ጊዜ የተቀነሰለት ባትሪ

ሰባት ቁጥር ድሮን ለሁለተኛ ጊዜ «ባዶ ነኝ» ብሎ ተመለሰ። የእባብ መርዝ ማርከሻው ሆዱ ሥር ባለው የበረዶ ሳጥን ውስጥ እንደታሸገ ነው። የጣቢያው ሠራተኛ ትብለጥ ወዳረፈበት ሄደች፤ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከላዩ ቆመችና አየችው። ድሮን ቢሰድቡት እንደማይሰማ በሃያ ስድስት ዓመት ሥራዋ ጠንቅቃ ታውቃለች። ቢሆንም ሰደበችው።

«ሰነፍ! ከዚህ እስከዚያ መድረስ አቅቶህ ነው?»

ከዚህ እስከዚያ ሲባል ከቀይ አፋፍ እስከ ዋሻ አምባ ነው። ቀይ አፋፍ የድሮን ጣቢያ የተሠራው ከሸለቆው ጫፍ ላይ ነው። ዋሻ አምባ ከማዶ ይታያል፤ ሰማዩ በጠራ የጥቅምት ጠዋት የጤና ጣቢያው ቆርቆሮ ሲያብለጨልጭ ቁጭ ብለው ማየት ይቻላል። በድሮን ሃያ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። በእግር ግን ወንዙ ድረስ ወርዶ፣ ተሻግሮ፣ ገደሉን ለመውጣት አንድ ቀን ተኩል ያስፈልጋል። ድሮ መንገድ ነበር። በ2071 ዓ.ም. ድሮን ያለበት ወረዳ መንገድ አያስፈልገውም ተብሎ ጥገናው ቆመ፤ ድልድዩን በሦስተኛው ክረምት ጎርፍ ወሰደው። ይኸው ሃያ ሦስት ዓመት ሆነ፤ አስፋልቱ ላይ ፍየል ይተኛበታል።

ሰዉ ለምዶታል። በቀይ አፋፍ ጠዋት ሲገናኙ «ስንት ከመቶ አደራችሁ?» ነው የሚባባሉት። የሠርግ ቀን የሚቆረጠው የጣቢያው የባትሪ ሰሌዳ ታይቶ ነው፤ የሙሽራ ቀሚስ በሦስት ጭነት ተከፍሎ መጥቶ እጅጌው ከሠርጉ በኋላ የደረሰበት ጊዜም አለ። ሕጉ አጭር ነው። ድሮን ባዶ ነኝ ካለ ባዶ ነው። ሰው የፈለገውን ቢያይ፣ የፈለገውን ቢምል፣ የሰው ዓይን ማስረጃ አይሆንም።

ስልኳ ጮኸ። ሲስተር ወለላ ነች፣ የዋሻ አምባ ነርስ።

«የት ደረሰ?» አለች ወለላ።

«እዚህ እግሬ ሥር ነው ያለው። ተመለሰ።»

«ደግሞ? ምን ሆኖ?»

«ምን አውቄ? ወንዙ ላይ ሲደርስ የቀረኝ ለመመለሻ ብቻ ነው ይላል፣ ይዞራል።»

«አንቺ ሴት፣ የሽዋስ እኮ እብጠቱ ክርኑን አልፏል።»

የሽዋስ የውሃ ቧንቧ ጠባቂ ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከድንጋይ ሥር ቅጠል ሲያወጣ ቀኝ እጁን እባብ ነደፈው። አሁን አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ወለላ ጠዋት በላከችው መጠየቂያ ላይ፣ በእጅ የሚገኝ ማርከሻ በሚለው ቦታ፣ ዜሮ ብላ ሞልታለች። ቀይ አፋፍም ያለው ድሮኑ ሆድ ሥር ያለው አንድ ሳጥን ብቻ ነው።

«እልከዋለሁ» አለች ትብለጥ። እንዴት እንደምትልከው ግን ገና አላወቀችም።

በሁለቱም ዙር ሙሉ ባትሪ ነው የገጠመችለት። ጣቢያው ሦስት ባትሪ ብቻ ስላለው አሁን የቀረው አንድ ነው። በመጀመሪያው ጥፋቱ የባትሪው መስሏት ነበር። በሁለተኛው ዓይኗ ከባትሪው ተነሥቶ ሞጁሏ ላይ አረፈ።

የኃይል ሞጁል የምትባለው የክብሪት ቀፎ የምታክል ዕቃ ናት። ከባትሪውና ድሮኑን ከሚመራው ኮምፒውተር፣ ከአውቶፓይለቱ፣ መካከል ትቀመጣለች፤ ባትሪው የሚሰጠውን መጥና ለአውቶፓይለቱ ታቀብላለች፣ ስንት እንደፈሰሰና ስንት እንደቀረ ቆጥራ ትነግረዋለች። አውቶፓይለቱ ባትሪውን አይቶት አያውቅም። እሷ ያለችውን ያምናል።

የቀድሞዋ ሞጁል አሥራ አራት ዓመት አገልግላ ባለፈው ሳምንት ተቃጠለች። የመለዋወጫ ማከማቻው በምትኳ ሦስት ልኮ «የሚሆንሽን ምረጪ» አላት። አንዷ ትንሽ ናት፤ ሞተሮቹ ገደሉን ሲወጡ የሚስቡትን አትችልም፣ በሳምንቷ ትቃጠላለች። አንዷ ለከባድ ጭነት ድሮን የተሠራች ናት፤ እሷ ደግሞ ትልቅ ስለሆነች ትንሹን ፍሰት በቅጡ አትቆጥርም፣ ለሕፃን በአባቱ ልክ ጫማ እንደ መግዛት ነው። ሦስተኛዋ ልክ ነበረች። ትብለጥ ሦስተኛዋን መርጣ፣ መመሪያውን ሁለት ጊዜ አንብባ፣ ብሎኑን አጥብቃ፣ የጎደሉትን ቁጥሮች ሞልታ ገጠመቻት። በሥራዋ ሰው አያማትም።

ቴስተሯን ከኪሷ አወጣች። ያሁኑ ሠራተኞች የማይዙት፣ በሁለት ሽቦ የሚነካ አሮጌ መለኪያ ነው። ባትሪው ሙሉ ሲሆን ሃምሳ ቮልት ይላል፣ ሲያልቅ አርባ ሁለት። ሽቦውን አስነካች። አርባ ስድስት ተኩል። የመጀመሪያውን ባትሪ ከመሙያው ነቅላ እንዳታየው ጊዜ አለፈበት፤ ግን ጠዋት ከድሮኑ ሲወጣ ሞቅ እንኳን አላለም ነበር፣ አሁን ትዝ አላት።

ከግማሽ በላይ ይዞ ባዶ ነኝ ይላል። ትብለጥ ደሟ ፈላ። ማከማቻው ጋ ደወለች።

«አቶ ልዑልሰገድ፣ የላካችሁልኝ ሞጁል ትዋሻለች።»

«ወይዘሮ ትብለጥ፣ እንደምን አረፈዱ። ሞጁል አይዋሽም።»

«ባትሪዬ ስንት አምፔር ሰዓት ነው የሚይዘው?»

«ሠላሳ።»

«ሞጁሏ ላይ ሃያ አራት ተብሎ ነው የተሞላው። አሁን ገና ነው ያየሁት።»

አቶ ልዑልሰገድ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሱማ እኛ ነን።»

«እናንተ ምን?»

«ሃያ ከመቶ ቀንሰን ነው የምንልከው። ለሁሉም ጣቢያ። ድሮን ገደል ገብቶ ከሚቀር ትንሽ ነገር ለክፉ ቀን ትቀመጥ ብለን ነው።»

«ታዲያ ምነው አልነገራችሁኝ?»

«ከነገርንዎትማ ምኑን መጠባበቂያ ሆነ? ካወቁት ይጠቀሙበታላ።»

ትብለጥ ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ አየችው፣ መልሳ አስጠጋችው። «ሃያ ከመቶ ብቻውን ግን ይህን አያመጣም።»

«አይ፣ የሞጁሏ አስመጪም ያው የሚፈሰውን አሥራ አምስት ከመቶ ከፍ አድርጎ እንድትቆጥር ነው የሚያደርጋት። የታወቀ ነው።»

«ለማን ነው የታወቀው?»

«ለእኛ።»

«እያወቃችሁ በላዩ ላይ እናንተ ደግሞ ሃያ?»

«የእሱ ለራሱ ነው፤ እንዳይጠየቅ ብሎ። የእኛ ግን ለእናንተ አስበን ነው። የድሮን ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ሃያ አምስት ከመቶ ሲቀረው ሰሌዳው ዜሮ እንዲል አዟል። ደብዳቤው ደርሶዎታል እኮ።»

ደርሷታል። ስለ ጣቢያ አጥር ቀለም ከሚያወሳውና ስለ ደንብ ልብስ ቁልፍ ከሚያወሳው ጋር፣ ከሠላሳ ደብዳቤ መሃል። አስመጪው፣ ማከማቻው፣ ጽሕፈት ቤቱ፤ በጣቷ ቆጠረች። አራተኛዋ ጣቷ ላይ ስትደርስ ፊቷ ጋለ። አራተኛዋ ራሷ ነበረች። ባለፈው ሳምንት ሞጁሏን ስትገጥም፣ ማንም ሳያዛት፣ እሷም አሥር ከመቶ ቀንሳባታለች። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምታደርገው።

«ምን አሉ?» አለ አቶ ልዑልሰገድ።

«ምንም» አለችና ዘጋችበት።

ይህን ያስተማራት ሰው ከባትሪ ቤቱ ግድግዳ ጥግ ፀሐይ እየሞቀ ነው። ጋሽ መኮያ ጡረታ ከወጣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ግን ጠዋት ጠዋት እየመጣ ከዚያው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ጣቢያውን ያቋቋመው እሱ ነው። ትብለጥን ከመጥረጊያ አንሥቶ ለሽቦ ያበቃትም እሱ ነው።

«ጋሽ መኮያ፣ አሥር ከመቶ ቀንሺ ያሉኝ ለምንድን ነው?»

«ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» አለ ሳይዞር።

«ተረቱን ተዉልኝ እስቲ። አስመጪው ቀንሷል፣ ማከማቻው ቀንሷል፣ ጽሕፈት ቤቱ ቀንሷል፤ ከዚያ ደግሞ እኔ። ሁላችንም ስንጥር ፈርተን ገንፎውን ደፋነው። ሰው ሊሞትብኝ ነው እኮ!»

ጋሽ መኮያ አሁን ዞረ። «እኔ ከኔ በፊት የሚቀንስ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር» አለ። «አስመጪው ነጋዴ ነው፣ አሳምሮ ነው የሚጽፈው እል ነበር። ማከማቻው ሰነፍ ነው፣ እንዳለ ነው የሚልከው እል ነበር። ለዚህ ሕዝብ የማስብ እኔ ብቻ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።»

«ታዲያ የቀድሞዋ እንዴት አሥራ አራት ዓመት ተሻገረች?»

«አርጅታ ነበራ። የሚፈሰውን ግማሹን አትቆጥርም ነበር። እኔ አውቃለሁ፤ ለሰው አልተናገርኩም።»

ትብለጥ መሬት ላይ ቁጭ አለች። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የአሮጊቷ ሞጁል ውሸት የሌሎቹን ውሸት ሲያካክስ ኖሯል ማለት ነው። መድኃኒቱም፣ ደብዳቤውም፣ የሙሽራዋም ቀሚስ በዚያ ነው የተሻገረው። አዲሷ ሞጁል ያጠፋችው ነገር የለም። የነገሯትን ሁሉ አምና ነው።

«ሁሉንም አነሣዋለሁ» አለች።

«ሁሉንም? አንዷን እንኳን አታስቀሪም?»

«የትኛዋን ላስቀር? ሁላችንም አንዷን ብቻ ነው ያስቀረነው።»

«ብትሳሳቺስ? ማርከሻው ያ አንድ ሳጥን ነው። ገደል ከገባ ገባ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች። ፈርታለች፤ ድምፅዋም አልደበቀላትም። «ይነሡና ይርዱኝ።»

የመጨረሻውን ሙሉ ባትሪ ገጠመች። ድሮኑን ከአራት የብረት ቀለበት ጋር በገመድ ጠፍራ አሠረችና ሞተሮቹን አስነሣቻቸው። አቧራው ተነሣ፣ ገመዱ ተወጠረ። ጋሽ መኮያ ሽቦ ነክሶ የሚይዘውን የፍሰት መለኪያ ይዞ መነጽሩን አፍንጫው ላይ አስተካከለ። ሥራው ቀላል ነው፤ መለኪያው የሚለውንና ሞጁሏ የምትለውን እያስተያዩ፣ ሁለቱ አንድ እስኪሆኑ ድረስ ቁጥሩን ማስተካከል ነው።

«ስንት ይላል?» አለች እየጮኸች።

«ስልሳ አምስት በዪ!»

እጇ ቁጥሩን ሊጽፍ ሲል ቆመ። «በዪ» የምትለዋ ቃል አልጣመቻትም። ተነሥታ መለኪያውን በራሷ ዓይን አየችው። ስልሳ አንድ ይላል።

«ጋሽ መኮያ!»

«ልማድ ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ። «በሞቴ፣ አስቤበት አይደለም።»

ስልሳ አንድ ብላ ጻፈች። የባትሪውን ልክ ከሃያ አራት ወደ ሠላሳ መለሰች። የራሷን አሥር ከመቶ አጠፋች፤ ይህችን ስታጠፋ ከሁሉም ይበልጥ እጇ ከበዳት። የጽሕፈት ቤቱን ሃያ አምስት ልታነሣ ስትል አውቶፓይለቱ አቆማት። «ይህ ለውጥ የጣቢያዎን ንባብ ከተፈቀደው ውጭ ያደርገዋል። ሙሉ ኃላፊነቱን ይወስዳሉ?» የሚል ጽሑፍ መጣ። አውራ ጣቷን አስቀመጠች። ጽሑፉ ሁለተኛ መጣ፣ ስሟን ከነአያቷ እንድትጽፍ ጠየቃት። ጻፈች። ሦስተኛ ሲመጣ «አሁንስ አበዛኸው» ብላ አውራ ጣቷ እስኪነጣ ተጫነችው።

አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ሰባት ቁጥር ተነሣ።

ትብለጥ ከሰሌዳው ፊት ቆመች። ዘጠና አምስት። ዘጠና አንድ። በሥራ ዘመኗ እንዲህ ምንም ያልለበሰ ቁጥር አይታ አታውቅም። ሌላ ጊዜ ሰሌዳው አሥር ሲል በልቧ «ሃያ ነው» እያለች ትጽናና ነበር። አሁን ሰማንያ አራት ሲል ሰማንያ አራት ነው፤ ከኋላው የተደበቀ ነገር የለም። ወንዙ ላይ ደረሰ። በሁለቱም ዙር የዞረው እዚህ ነው። ሰሌዳው ሰባ ሰባት አለ። ድሮኑ ከሸለቆው የሚነሣው ነፋስ መትቶት ወደ ጎን ተንሸራተተ፣ ተመለሰ፣ ሽቅብ መውጣት ጀመረ።

«አልዞረም» አለ ጋሽ መኮያ ከኋላዋ።

«ዝም ይበሉ።»

ስልሳ ስምንት። ስልሳ ሦስት። ከማዶ ከቆርቆሮው አጠገብ አንዲት ጥቁር ነጥብ ዝቅ ስትል በዓይኗ አየች። ሰሌዳው ሃምሳ ዘጠኝ ላይ ቆመ።

ወለላ ወዲያው አልደወለችም። ትብለጥ ደወለችላት።

«ደርሷል፣ ሳጥኑን ከፍቼዋለሁ» አለች ወለላ። ድምፅዋ የረጋ ነው።

«የሽዋስ እንዴት ነው?»

«እብጠቱ ጋብ ብሎለታል። አሁን ሁለተኛውን እሰጠዋለሁ።»

ትብለጥ ጆሮዋን ተጠራጠረች። «የምን ሁለተኛ? ገና አሁን አይደል የደረሰልሽ?»

በስልኩ ውስጥ የብልቃጥ ክዳን ሲከፈት ተሰማ።

«ወለላ።»

«አንድ ብልቃጥ ነበረችኝ። ድሮንሽ ሁለተኛ ጊዜ ሲመለስ ወጋሁት።»

«ጠዋት ዜሮ ብለሽ ሞልተሽልኛል። በእጅሽ ጽፈሽ!»

«ለክፉ ቀን ያስቀመጥኳት ነች። አለኝ ብዬ ብጽፍ ጭነቱን ለሌላ ጣቢያ ያዞሩብኛል፤ ሁለት ጊዜ አድርገውኛል። መቼም አንዷ ብቻ አትበቃውም ነበር።»

«ክርኑን እስኪያልፍ ድረስ ምን ትጠብቂ ነበር ታዲያ?»

«ይመጣል ብዬ ነዋ። አንቺ እልካለሁ ስትዪ ትልኪያለሽ። ክፉው ቀን ዛሬ መሆኑን አላወቅኩም።»

ትብለጥ መጮህ ፈለገች። ማን ላይ እንደምትጮህ ግን አጣች። ያችን ብልቃጥ ወለላ ባትደብቃት ኖሮ ዛሬ የሽዋስ ምን ይሆን ነበር? ሁሉም የደበቀውን ባይደብቅ ኖሮስ ድሮኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደርሶ አልነበር? «በይ ስጪው፣ ቶሎ በይ» ብላ ብቻ ዘጋች።

የሽዋስ ተረፈ። እጁም ተረፈ፤ ጠቋሚ ጣቱ ግን ጠቁሮ በሦስተኛው ሳምንት ተቆረጠ። ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን የባከነው ጊዜ የወሰደው ነገር ቢኖር ያ ጣት ነው፤ ትብለጥም እስከ ዛሬ ድረስ ትቆጥረዋለች። ወለላ በማግስቱ አዲስ ዝርዝር ላከች። ማርከሻ በሚለው ቦታ፦ ሦስት። ትብለጥ ረጅም ሰዓት አየችው። እውነቱ ሦስት ይሁን አራት አልጠየቀቻትም።

በስምንተኛው ቀን ከጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ መጣ። «የቀይ አፋፍ ሰባት ቁጥር ድሮን የባትሪ ንባብ ከሌሎቹ አርባ ሁለት ጣቢያዎች አማካይ ንባብ እጅግ የራቀ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ሞጁሏ የተበላሸች መሆኗ ስለተረጋገጠ እንድትነሣ ተወስኗል። የጽሕፈት ቤቱ ድሮን ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት መጥቶ ይረከባል። ርክክቡ እስኪፈጸም አገልግሎት እንዳይቋረጥ ጣቢያው በዚያችው ሞጁል ይሥራ።»

ትብለጥ ደወለች። እውነቱን የምትናገረው ሞጁሏ ብቻ እንደሆነች፣ የተሳሳቱት አርባ ሁለቱ እንደሆኑ፣ አራቱንም ቅነሳ አንድ በአንድ እያነሣች አስረዳች። ስልኩን ያነሣው ሰው በትሕትና ሰምቶ ሲያበቃ «አርባ ሁለት ጣቢያ ተሳስቶ አንዱ ልክ የሚሆንበት አሠራር የለንም» አላት። በቴስተር ለክቻለሁ አለች። ቴስተር በዝርዝሩ ውስጥ የለም አላት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ትብለጥ ሞጁሏ የመጣችበትን ካርቶን ከነቅጹ አዘጋጅታ በሩ አጠገብ አስቀመጠች።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ መኮያ ድንጋዩ ላይ፣ እሷ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ሦስት ሰዓት ላይ የጽሕፈት ቤቱ ድሮን በምሥራቅ በኩል ካለው ተራራ ወገብ ብቅ አለ። አዲስ ነው፣ ፀሐይ ላይ ያበራል። ትብለጥ ካርቶኑን ይዛ ተነሣች። ድሮኑ መጣ፣ መጣ፣ ከሩቁ የግራር ጫካ በላይ ደረሰ፣ እዚያው ቆመና ጥቂት አንዣበበ። ከዚያ ዞሮ በመጣበት ሄደ።

ከሰዓት በኋላ መልእክት ደረሳት። «የተላከው ድሮን ባትሪው በማለቁ ተመልሷል። በሚቀጥለው ሐሙስ እንልካለን።»

በሚቀጥለውም ሐሙስ መጣ፣ ከግራሩ በላይ ዞረ። ከዚያ በኋላ ባለውም እንዲሁ። አሁን የካቲት ገብቷል፤ ሰባት ቁጥር በየቀኑ ወደ ዋሻ አምባ ይመላለሳል፣ ካርቶኑ በሩ ሥር አቧራ ይጠጣል። ሐሙስ ሐሙስ ሁለቱም ከዚያው ተቀምጠው ይጠብቁታል፤ ሰዓቱን አሳልፎ አያውቅም።

ዛሬም መጣና ከግራሩ በላይ ቆመ።

«ስንት ይቀረው ይመስልሻል?» አለ ጋሽ መኮያ።

«ከግማሽ በላይ» አለች ትብለጥ። ድሮኑ ዞሮ ከተራራው ጀርባ እስኪጠፋ ድረስ አየችው፤ ከዚያ ተነሥታ የሰባት ቁጥርን ባትሪ ልትለውጥ ገባች።